የዓሳ ማሞቂያ በቆቦ ሙቀት

ቆቦ ላይ ውሃ የሚያሞቅ ዕቃ ገዝቶ የመጣ ሰው የኔ ልጅ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ጓሮ ውስጥ ትንሽ ከቆየ ሻይ ለመሆን ቅጠሉ ብቻ ነው የሚቀረው። ነጅሙዲን ግን ለሱቁ የስልክ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የመስታወት ገንዳ፣ በላስቲክ ውስጥ የሚዋኙ ዓሶች፣ አንድ ጆንያ ጠጠርና አንድ ካርቶን ሙሉ ሽቦ ተሸክሞ ከአውቶቡስ ወረደ። ለልጁ ለራዊያ ነው። እናቷ ጀዊሪያ ከባሏ ጋር ሱቅ ስለምትውል፣ ራዊያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው ከኔ ጋር ነው። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ የገንዳው ዘበኛ እኔ ሆንኩ።

ዕቃውን ሳሎን ውስጥ ዘርግቶ አንድ በአንድ አሳየኝ።

«ይሄ ውሃውን የሚያጣራው ነው። ይሄ አየር የሚነፋው ፓምፕ፤ አረፋው በዚህች ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ይሄ ደግሞ ማሞቂያው።»

ማሞቂያው የመስታወት ዘንግ ነው፤ ውስጡ የተጠመዘዘ ሽቦ ይታያል።

«ማንን ነው የሚያሞቀው?» አልኩት።

«ዓሶቹን ነዋ። ሰውየው ያለሱ በብርድ ያልቃሉ አለኝ።»

«ሰውየው ይህን ሲነግርህ ጃኬት ለብሶ ነበር?»

«እማ፣ ዕቃው እኮ ሙሉው አንድ ላይ ነው የሚሸጠው።»

«ታዲያ ምድጃም ይጨምርልህ ነበር።»

ጀዊሪያ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ገንዳውን ምንጣፍ የማይደርስበት ጥግ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ የሶኬት ማባዣዋን ዲቫይደር ከሥሩ ሲሚንቶው ላይ ጣለና ሽቦዎቹን ሁሉ ሰካባት። ውሃ ቢንጠባጠብ በሽቦው ተንሸራትቶ እዚያው ላይ እንደሚያርፍ ለኔ ወለል ብሎ ታየኝ። ከፍ አድርገህ ስቀላት አልኩት። እሺ አለ። የነጅሙዲን እሺ አላደርገውም ማለት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቃታለሁ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፌ ተሰረቀ ብል ማጋነን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ዓሶቹ ላይ ላዩን ያዛጋሉ፤ ሲመጣ ደግሞ ያ ዘንግ ቀይ መብራቱን ያበራል። ቬንትሌተር ከፍቶ የሚተኛ ሰው ዓሳ ያሞቃል። ንቀለው እላለሁ፤ «የሚያውቀው የሸጠው ሰው ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን የዙህር ውዱእ አድርጌ ከጓሮ ስገባ ዓሶቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየሁ። እግሬ ገና ውሃ ነው። ውሃው ምን ያህል ቢሞቅ ነው ብዬ ጣቴን ነከር አደረግሁ። ነዘረኝ። ከጣቴ እስከ ክርኔ ዘለቀና እጄን መልሶ ወረወረው። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። መስገዱን እንኳ የቻልኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ማታ ለነጅሙዲን ነገርኩት። ነጠላ ጫማውን እያንቋቋ ሄደና እጁን እስከ ክንዱ ውሃው ውስጥ ከትቶ አማሰለው።

«ይኸው። የታለ?»

«እኔን ነዝሮኛል እያልኩህ ነው።»

«እማ፣ እጅ መደንዘዝና መጠዝጠዝ የስኳር ምልክት ነው። ነገ እንለካልሽ።»

«እኔ ደነዘዘኝ አላልኩም። ነዘረኝ ነው ያልኩት።»

«እሱንም ለሐኪሙ ትነግሪዋለሽ።»

በማግስቱ ጀዊሪያ ሻይ ያለ ስኳር አመጣችልኝ። «ለጤናዎ ብዬ ነው እማማ» አለች፤ አይኗን ግን ከስኒው አላነሳችም። ክሊኒክ ወሰዱኝ፣ ጣቴን ወጉኝ፣ ስኳር የለብኝም። እንዲህ ሲሆን ሰው ምን ይላል? ይቅርታ ይላል። ልጄ «እንግዲያው ግፊት ይሆናላ» አለ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ የያዝኩትን ነገር የሰውነቴ ጥፋት አደረጉት። እኔም አንዳንዴ እውነት አርጅቼ ይሆን እያልኩ እጄን ገልበጥ አድርጌ አየው ነበር።

ራዊያ በዚያ ሰሞን ከኔ ጋር መስገድ ጀምራለች። ጆጓን ይዛ ከጎኔ ተቀምጣ ፊቷን፣ እጇን፣ እግሯን ትታጠባለች፤ ከዚያ ወደ መስገጃው ሳይሆን ወደ ዓሶቿ ትሮጣለች። አንድ ቀን በሰላት መሀል ኪኪኪ ስትል ሰማኋት። አሰላምቼ ሰላቱን ጨረስኩና ዞር አልኩ።

«እማማ፣ ብርቱካኗ ዓሳ ቆነጠጠችኝ።»

«የት ላይ?»

እጇን እስከ አንጓዋ አሳየችኝ። «ሁልጊዜ አይደለም እኮ የምትቆነጥጠኝ። ውዱእ ሳደርግ ብቻ ነው። ንጹሕ ስሆን ትወደኛለች መሰለኝ።»

እግሯን አየሁ። ከጓሮው በር እስከ ገንዳው ድረስ ሲሚንቶው ላይ ትንንሽ የእርጥብ እግር ዱካ ተሰልፏል። የኔም ዱካ የነዘረኝ ዕለት በዚያው ነበር ያለፈው። ነጅሙዲን የሚሰግደው መስጊድ ነው፤ እቤት ውስጥ ያቺ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ከእግሩ አትወልቅም። እሱን ኮረንቲው ያልነካው ለዚህ ነው። የሚነካው እግሩ እርጥብ የሆነውን፣ መሬት የረገጠውን ነው፤ በዚህ ቤት ደግሞ እኔና ይቺ ልጅ ነን።

በደረቅ ጨርቅ ይዤ የዲቫይደሩን ሽቦ ከግድግዳው መነጨቅሁት። ራዊያን አባቷ እስኪመጣ ጎረቤት ሰደድኳት።

ለምሳ ሲገቡ ነጅሙዲን ገና ከበሩ «ፓምፑን ማን አጠፋው?» አለ። «ሰውየው ቀንም ሌትም መጥፋት የለበትም ብሎኛል።»

«እኔ ነኝ። ልጅህን ነዝሯታል።»

«እሱን ነው? ነግራኛለች እኮ፤ ዓሳዋ ቆነጠጠችኝ ብላ።» ፈገግ አለ።

«ነግራህ ሳቅህ?»

«ምን ላድርግ፣ ዓሳዋን ልቆጣት?»

ወላሂ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ድምፄ ግን ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። «ጫማህን አውልቅ። እግርህን ታጠብ። እኔ እንደነበርኩት፣ ልጅህ እንደነበረችው ሁንና ከዚያ ሳቅብን።»

ጀዊሪያ ፊቷ ተለዋወጠ። «ተወው ነጅሙ፣ ይቅር» አለችው።

«የለም፣ ይውጣላት።» ጓሮ ወጥቶ እግሩን አራሰ። ሶኬቱን ራሱ መልሶ ሰካው፤ እኔ ግን ግድግዳው ጋ ቆሜ ሽቦውን በጨርቅ ያዝኩ። ምንም ቢሆን የወለድኩት ነው። ቁልቁል እያየኝ፣ አሁንም ፈገግ እንዳለ፣ የጣቱን ጫፍ ውሃው ላይ አሳረፈ።

ፈገግታው እዚያው ቀረ። እጁ ወደ ኋላ ተወርውሮ ክርኑ ግድግዳውን መታ። እኔ ነቅያለሁ። መሬት ላይ ቁጭ አለና እጁን በሌላው እጁ ይዞ «ያ አላህ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ማሞቂያውን አወጣነው። ከክዳኑ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ ውስጡ ውሃ ገብቶ ጥቁር ሆኗል።

«መንገድ ላይ እንዳይሰበር ብዬ ጠጠሩ መሀል ነበር የቀበርኩት» አለ።

ጀዊሪያ አየችው። «መስታወቱን? ጠጠር ውስጥ?»

እኔ የምጠብቀው አንዲት ቃል ነበር። እሱ ግን ዘንጉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ሲያየው ቆየና «ይሄ በሱፐር ግሉ ይደፈናል» አለ። «ጓደኛዬ አሊ፣ ዋጃ ከተማ ባለው ቁርስ ቤቱ ውስጥ ገንዳ ሊያስገባ ነው። ለሱ እሰጠዋለሁ።»

ከእጁ ቀማሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ ጓሮ ይዤው ወጣሁና በድንጋይ እስኪደቅ ድረስ መታሁት። ነጅሙዲን በሩ ላይ ቆሞ «ምን ሆነሻል? ዕቃ እኮ ነው» ይላል።

«አሊ ልጅ የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ያን ከሰዓት ሱቅ እንዲመለስ አልፈቀድኩለትም። ዲቫይደሩን ግድግዳው ላይ ከውሃው ከፍታ በላይ አስቸነከርኩት። ሽቦዎቹ መጀመሪያ ወደታች ረገብ ብለው ከዚያ ወደ ሶኬቱ እንዲወጡ አደረግሁ፤ ጠብታ ቢመጣ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደላይ አይወጣም። ፓምፑንም ከገንዳው በላይ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ እንዳይገባበት። ይህን ሁሉ ሲሠራ አንገቱን ደፍቶ ነው።

«ይበቃል?» አለኝ ሲጨርስ።

«አይበቃም።»

«ምን ቀረ?»

ምን ቀረ ይለኛል። የእናቱ እጅ አልበቃውም። የልጁ እጅ አልበቃውም። የራሱ ጣት እስክትነዘር ድረስ እኔ በሽተኛ፣ ልጅቱ ተጫዋች ነበርን። ይህን በመዶሻ አይጠግኑት። መዶሻውን ተቀብዬው ዞርኩ።

አስር ሲቃረብ ራዊያ አባቷ ጠርቷት ከጎረቤት መጣች። ባዶ እግሯን ናት፤ ቀጥ ብላ ወደ ገንዳው ሄደች፣ እጇን አነሳች። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ አንጓዋን ጨብጬያታለሁ።

«ሶኬቱ ሳይነቀል እጅሽን ውሃ ውስጥ አትከቺም። በይ ድገሚልኝ።»

«እማማ፣ ማሞቂያውን ሰበርሽው እኮ፣ አባቢ ነገረኝ።»

«ብሰብረውም። ድገሚ።»

«ዓሳዋ አሁን አትቆነጥጠኝም?»

«ዓሳዋ ቆንጥጣሽ አታውቅም።»

ፊቷ ተከፋ። የሚወዳትን ነገር እንደነጠቅኳት ገባኝ፤ ግን አልተመለስኩም።

«እያመመኝ ነው» አለች፣ እጇን እያየች።

«ይመምሽ። ድገሚ።»

ደገመችው፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዷል። ነጅሙዲን በሩ ላይ ሆኖ «በቃ እማ፣ ሰምታለች» አለ። እኔ ግን እጇን ገና አልለቀቅሁም።