ግዳይ ያጣው የሰርዶ ኬላ ሹም

የሰው ልቡና የደረሰበትን መከራ ለመቁጠር ትጉህ ነው፤ ሳይደርስበት የቀረውን መከራ ማን እንደ መለሰለት ለመጠየቅ ግን ሐካይ ነው። የሞተውን በሬ ዐሥር ዓመት ሙሉ ያነሣዋል፤ ሳይሞት የተረፈውን ግን ጠምዶ ሲያርስበት ይውላል እንጂ ስለ መትረፉ አንድም ቀን አያመሰግንም። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምልህ በሰርዶ ወንዝ ኬላ የሆነውን ስለማውቅ ነው፤ ከምነግርህ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ የቀረችኝ ዕድሜ ዛሬውኑ ትቆረጥ።

በዚያ ዘመን ከሰርዶ ማዶ የከብት ቸነፈር ገብቶ ነበር፤ ጽኑና መራራ ከመሆኑም የተነሣ አሞሮች ከጥጋብ ብዛት መብረር ተስኗቸው በእግራቸው ወደ ዛፋቸው ይመለሱ ነበር። ንጉሡም ዐዋጅ አስነግሮ በመሻገሪያው ኬላ አቆመ፤ ለጠባቂዎቹም ከመንግሥት ጎተራ እህል፣ ከግምጃ ቤት ጨውና ሸማ እንዲሰፈር አዘዘ፤ ከማዶ የሚመጣ ከብት፣ ቆዳና ቀንድ፣ የነካውም ሰው፣ በማዶው በረት ሃያ አንድ ቀን ሳይቆይ እንዳይሻገር ከለከለ። ከዚህ ሁሉ ወጪ የሚጠበቀው ፍሬም በዐዋጁ ተጽፎ ነበር፤ በሬ ከቀንበር ሥር እንዳይወድቅ፣ የሕፃናት ወተት እንዳይነጥፍ፣ ገበሬም ዘር ይዞ ጥማድ እንዳያጣ ነው። የኬላው ሹም ግራዝማች ዘርአ ብሩክ ይባላል፤ ከወዲህ ሲያስነጥስ ከማዶ «ይማርዎ» የሚባልለት፣ ግርማውና ድምፁ የተካከሉ ሰው ነበር።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከወንዙ ወዲህ አንድ ጥጃ እንኳ በቸነፈር አልሞተም፤ የግራዝማች መከራም ከዚሁ ተወለደ። በመስቀል ግብር ሹማምንት ሁሉ በንጉሡ ምንጣፍ ላይ ግዳይ መጣል ልማዳቸው ነበርና፣ ድንበር ጠባቂው የሽፍታውን ጋሻ፣ አዳኙ የዝሆኑን ጥርስ እየጣለ ሲፎክርና ካባ ሲለብስ፣ ግራዝማች ብቻ ባዶ እጁን አጣምሮ ይቆም ነበር። በሰባተኛው መስቀል የግምጃ ቤቱ ሹም በጅሮንድ አካለ ጽዮን፣ ሰውነቱ ከያዘው ቁልፍ የቀጠነ ሰው፣ በጉባኤው ፊት ጠየቀው።

«አንቱ ግራዝማች፣ ይህን ያህል ዘመን የመንግሥት እህል በላችሁ። ለመሆኑ ምን ገደላችሁ?»

«ምንም። የተሾምነው እንዳይሞት ነው።»

«የእኔም ድመት ደጄ ላይ መተኛት ከጀመረች ወዲህ አንበሳ ገብቶ አያውቅም፤ ካባ ላልብሳት?»

ጉባኤው ሳቀ። ፍርዱም ተቈረጠ፤ በሚመጣው መስቀል በዓይን የሚታይ ፍሬ ካልቀረበ ኬላው ይፈርሳል፣ እህሉም ለአዳኞች ይሰጣል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት ከግራዝማች ራቀ። ቢቀመጥ መደቡ ይቈረቍረዋል፣ ቢነሣ እግሩ ወደ ወንዙ ይወስደዋል፤ በአንድ ቀን የሰርዶን ዳር ዐርባ ጊዜ ተመላለሰበት፣ ሣሩም እስከ ዛሬ አልበቀለም። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ለነፍስ አባቱ እንኳ ያልነገረው፣ በበረቱ ጤነኛ ከብት ባየ ቍጥር ልቡ መከፋት መጀመሩ ነው። መስቀል ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የአንድ ነጋዴ ቀይ ወይፈን ዓይኑ አነባ፣ አፉ ቈሰለ፣ በሦስተኛው ቀንም ወደቀ። ጠባቂዎቹ ሊቀብሩት ጕድጓድ ሲምሱ ግራዝማች ራሱ ተሻገረ፤ በገዛ እጁም ገፈፈው። ቸነፈሩን በምንጣፉ ላይ ሊጥልላቸው ነው። እርጥቡን ቆዳ በበቅሎ ጭኖ ወደ መሻገሪያው ቢወርድ፣ ሽማግሌው ጠባቂ ባሻ ወንዳፍራሽ ከወዲህ ዳር ጦሩን አጋድሞ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ በበቅሎዋ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ግዳዬ ነው። መንገድ ልቀቅ።»

«ቆዳ ይመስለኛል።»

«አንተ ሰው፣ ኬላውን ላድነው ነው የምሄደው። ዛሬ ካልተሻገርሁ አንተም እኔም ከመስቀል ወዲያ ሜዳ ላይ ነን።»

«እሱስ እውነት ነው። እኔም ሌላ እንጀራ የለኝም።» ጦሩን ግን አላነሣም። «ሃያ አንድ ቀን ነው ጌታዬ። ዐዋጁን ያስጠኑን እርስዎ ነዎት፤ ስንሳሳት በአለንጋ።»

«በእኔ ላይ ነው ዐዋጅ የምታነብ?»

«በቆዳው ላይ ነው። እርስዎ አብረውት መጡ እንጂ። በቅሎዋም ትቆይ፤ ለጨዋታ ትሆንዎታለች።»

የግራዝማች እጅ ወደ ሰይፉ ወረደ፤ በሰገባው ላይም ተጣበቀ። ዝቅ ብሎ ቢያይ ጣቶቹ ከቆዳው በወጣ ደምና ልጋግ ተለውሰዋል። ቀና ብሎ ቢያይ ከባሻ ጀርባ፣ በመስከረም ሣር ላይ፣ የአገሩ ላሞች ጥጆቻቸውን እየላሱ ተሰማርተዋል።  ከዚያም በቅሎዋን መለሰ፤ ቆዳውን በጕድጓዱ ጥሎ ዐመድ ነሰነሰበት፣ እሱም በበረቱ ተቀመጠ።

በመስቀል ቀን በጉባኤው ቦታው ባዶ ሆነ። በጅሮንድ ተነሥቶ፣ «የኬላው ሹም ዘንድሮ ባዶ እጁን እንኳ አላመጣም» አለ። በዚህ መካከል የባሻ መልእክተኛ ገብቶ እጅ ነሣ።

«ጃንሆይ፣ ግራዝማች በገዛ ኬላው ተይዟል። በቸነፈር የሞተ ወይፈን ቆዳ ሊያሻግር ሲል ነው።»

«ወዴት ሊወስደው?» አለ ንጉሡ።

«እዚህ፣ ምንጣፉ ላይ።»

ንጉሡ ዘውዱ እስኪያዘነብል፣ የአዳራሹም ምሰሶዎች እስኪነቃነቁ ድረስ ሳቀ። ኬላው እንዲጸና፣ ግራዝማችም ሃያ አንዱን ቀን ፈጽሞ ወደ ሹመቱ እንዲመለስ፣ የዓመቱም ካባ ለባሻ ወንዳፍራሽ እንዲሆን አዘዘ፤ በጅሮንድም ካባውን በገዛ እጁ ከግምጃ ቤት አወጣ።

ነገሩ ሁሉ እንደ ነገርሁህ ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ እሷም ሳቁ ናት፤ ንጉሡ አልሳቀም። ለግብር ከየአውራጃው መጥተው በግቢው የታጎሩትን ከብቶች በመስኮት ተመለከተ፣ ቀጥሎም እግሩ ሥር የተነጠፈውን ምንጣፍ ተመለከተ፣ ፊቱም ዐመድ መሰለ፤ አገርን የሚያኖራት በንጉሥ ፊት የሚጣለው ግዳይ ሳይሆን፣ ማንም ሳያየው ከወንዝ ማዶ የሚቀረው ሞት መሆኑን ያን ጊዜ ዐውቋልና።