የአሳላፊው መዳፍ

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ሥልጣናት ሁሉ እጅግ የሚያስፈራው ሰይፍ አይደለም፤ ስም የማውጣት ሥልጣን ነው። ሰይፍ አንድ ጊዜ ይገድላል፣ ስም ግን በልጅና በልጅ ልጅ ላይ ሲገድል ይኖራል። አንዱን ደዌ በመስፍን ላይ ሲያዩት «ክብር» ይሉታል፤ በካህን ላይ ሲያዩት «ለብርድ ነው» ይሉታል፤ በሎሌ ላይ ሲያዩት ግን ያለ አንዳች ማመንታት «ስካር» ብለው ይፈርዳሉ። ብዙ አገር የዞረ፣ ብዙ መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ሁሉ ይህን ፍርደ ገምድልነት በየደረሰበት አግኝቶታል፤ ሊቃውንቱም ስለ ድኻው ብርሌ ብዙ ጽፈው ስለ ራሳቸው ብርሌ ዝም ማለታቸውን ታዝቧል።

በቀደመው ዘመን ከጣና ማዶ፣ ደጃዝማች ዘርአ ብሩክ በሚገዙት ደጋ አገር፣ ጥሩነህ የሚባል አሳላፊ ነበረ። የአሳላፊ ሕግ የታወቀ ነው፤ ጌታው ከመጠጣቱ አስቀድሞ ከብርሌው ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፣ መርዝ ቢኖርበት ከጌታው ፊት ቀድሞ ይሞት ዘንድ። ጥሩነህም ጢሙ ካልበቀለበት ዘመን አንሥቶ ጠጉሩ እስኪሸብት ድረስ በየግብሩ፣ በየብርሌው፣ በየመዳፉ የጌታውን ሞት ሲቀምስ ኖረ። ሞቱ ሳይመጣ ቀረ፤ ጠጁ ግን መጣ፣ ገባም፣ ሰነበተም። በመጨረሻ ማለዳ ሳይቀምስ ኩታውን መታጠቅ የማይችል፣ ሲቀምስ ብቻ እጁ የሚጸናለት ሰው ሆነ። በሐምሌ ሥላሴ ግብር ላይ፣ ሹማምንቱ በየማዕረጋቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ገና ሳይቀምስ ያ እጅ ተንቀጠቀጠና ብርሌው በደጃዝማቹ ወርቀ ዘቦ ካባ ላይ ተደፋ።  ከዚያም ባላምባራስ ጓሉ የሚባለው አፈ ስለታም ሹም፣ «አንተ ጥሩነህ፣ ካባው መቼ ጠማኝ አለህ?» ቢል ሳቁ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ደጃዝማቹ ግን አልሳቁም፤ ጥሩነህ ከቤታቸው እንዲባረር፣ ከመሬቱ እንዲነቀል፣ አዋጅ ነጋሪም በገበያ ቀን «ሰካሩን ጥሩነህን ማንም እንዳያስጠጋ» ብሎ እንዲለፍፍ ፈረዱ።

አዋጁ ሳይነገር፣ ሚስቱ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ዳዊት የደገመች የደብተራ ልጅ፣ ነጠላዋን አደግድጋ በችሎት ፊት ቆመች። ደጃዝማቹም «ምሕረት ልትለምኚ መጣሽ?» አሏት።

«ምሕረትስ የበደለ ይለምን፤ እኔ የመጣሁት የስም ፍርድ ልጠይቅ ነው። ባሌ በመዳፉ የጠጣው የጌታዬን ሞት ነው። ጠጁ ለጌታዬ ክብር ከሆነ፣ አረቄው ለአባታችን ለአለቃ ተክለ አልፋ ለብርድ ከሆነ፣ ለባሌ ብቻ ስካር የሆነው ከየትኛው ጋን ቢቀዳ ነው?»

የደጃዝማቹ ነፍስ አባት አለቃ ተክለ አልፋ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ክረምቱን እያየሽው!» አሉ።

«አባቴ፣ እርስዎን በሚያዝያም ይበርድዎታል» ብትላቸው፣ ሳቁን የሚከለክል ጠፋ።

ትርንጎ ግን ለሳቅ አልመጣችምና ቀጠለች፤ «ፍልሰታ ደርሳለች። ሦስታችሁም ሱባዔ ግቡ፤ ጥሬና ውኃ ብቻ ቅመሱ። የጌታዬና የአለቃ እጅ ሳይንቀጠቀጥ ከወጣ፣ አዋጅ ነጋሪው ባሌን ሰካር ብሎ ይጥራው፤ እኔም ከኋላው እየተከተልሁ እውነት ነው እላለሁ። ከተንቀጠቀጠ ግን ያ ስም በአንድ ቤት ብቻ አይደር።» ደጃዝማቹ ከጦር ሸሽተው የማያውቁ ሰው ነበሩና ከውኃ ሸሹ መባልን ናቁ፤ «ይሁን!» አሉ።

በደብሩ ዐጸድ ውስጥ፣ የሣር ጎጆ ውስጥ፣ ከሦስቱ ታላቁን ከታናሹ የሚለይ ምንጣፍ አልነበረም። አስቀድሞ የተረቱት አለቃ ናቸው፤ ማሕሌት ላይ ቆመው ሳለ፣ መሪው ገና ሳያነሣ፣ በእጃቸው ያለው ጸናጽል ብቻውን ይጮኽ ጀመር። ካህናቱም ዝማሬው የተጀመረ መስሏቸው አብረው ዘመሙ፤ አለቃም አፍረው ጸናጽሉን በጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት፣ በጋቢያቸውም ውስጥ ሆኖ ጮኸ። ቀጥሎ ደጃዝማቹ ላብ አጠመቃቸው፤ በጠራራ ቀን ከጎጆው ጣሪያ ጦር ሲወረወርባቸው እያዩ ጮኹ። ጥሩነህ ራሱ እንደ ቄጤማ እየተንቀጠቀጠ ወደ እርሳቸው ቀርቦ ራሳቸውን ደገፈ፤ የውኃውንም ቅል አነሣና፣ ከልማድ የተነሣ፣ ውኃውን በመዳፉ አፍስሶ አስቀድሞ ቀመሰው።

ደጃዝማቹ አዩት፤ የጦሩም ሕልም ከዓይናቸው ጠፋ። «ደግሞ ውኃም ትቀምስልኛለህ?» አሉት።

«ጌታዬ፣ ሌላ ሥራ አላውቅም» አለ ጥሩነህ።

ከሱባዔ ሲወጡ ደጃዝማቹ ከችሎቱ ዙፋን ላይ ሳይቀመጡ ቆመው ተናገሩ። በሎሌያቸው ላይ የፈረዱበት ደዌ በእርሳቸውም እንዳለ፣ እንዲያውም ሎሌያቸውን ያጠጡት እርሳቸው እንደ ሆኑ ገልጠው፣ መሬቱን መለሱለት፤ የአሳላፊነቱንም ሹመት እንደ ገና ሰጡት። ትርንጎ እጅ ነሥታ መሬቱን ተቀበለች፤ ሹመቱን ግን «ከእንግዲህ መዳፉ የራሱ ነው» ብላ መለሰችው። ባላምባራስ ጓሉም «ታዲያ ለጌታችን ማን ይቅመስ? መርዝስ ቢገባበት?» ቢላት፣ «ባላምባራስ፣ የገባውን መርዝ ያየነው እኮ በፍልሰታ ነው» አለችው። ደጃዝማቹም ብርሌ አስመጥተው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከብርሌው በገዛ መዳፋቸው አፈሰሱ፤ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ወደ መሬት ደፉት።

አለቃ ግን ለመስቀል ሳይደርሱ ወደ አረቄያቸው ተመለሱ። የአገሩ ልጆች «አለቃ ሰከሩ» እያሉ በተከተሏቸው ጊዜ፣ ከደጃፏ ወጥታ የገሠጸቻቸው ትርንጎ ናት፤ «ታመዋል በሉ!» አለቻቸው፣ ቀና ብላ፣ አለቃን ከረታችበት ቀን ይልቅ ቀና ብላ። ደዌስ የመስፍኑንም የሎሌውንም ቤት ሳያንኳኳ ይገባል፤ በደጃፍ ቆሞ ማዕረግ የሚጠይቀው የእኛ አንደበት ብቻ ነው።