ጭራሮ ትምህርት ቤት ገባች

ሰፈሩ ጭራሮ ይላታል። ከስታ ተወልዳ ከስታ ቀረች፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ብትሰማ ኖሮ ትቆጣ ነበር፤ ግን ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። አባቷ በያጅ ነው፤ የመስኮት ብረት፣ አልጋ፣ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ ይሠራል። መዶሻው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ይዞ ይራገማል፤ እሷ ግን እዚያው ጥግ ቁጢጥ ብላ በቁርጥራጭ ብረት ትጫወታለች። እሳቱ ዓይኗን እንዳይጎዳት፣ ሊበይድ ሲል በእጁ "ዙሪ" ይላታል፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አባትና ልጅ የሚግባቡት ራሳቸው በፈጠሩት ቋንቋ ነበር። የብየዳ ጭንብልን ከግንባር ወደ አገጭ መሳብ "አባዬ" ነው። አገጭ ሥር ሻሽ ማሰር "እማዬ" ነው። ሁለቱንም ጉንጭ መንፋት ባለሱቁ ነው፤ ሰውየው እሱን ማለቷ እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፣ ግን እንዳላየ ሆኖ ከረሜላዋን ይሰጣታል። የበያጁ አማት ሲያዩዋቸው "እናንተ ደግሞ ዝንብ ነው የምታባርሩት?" ይላሉ። ይህ ቋንቋ በዓለም ላይ ሦስት ተናጋሪ ብቻ ነበረው፤ ሊቁ በያጁ ነው። ሚስቱ እንኳ ሲጠፋት "ምን አለች?" ብላ የምትጠይቀው እሱን ነው። ታዲያ ይህን ጥያቄ እንዴት ይወደው ነበር!

መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ያስገቧት ዕለት፣ መምህርቷ ጎንበስ ብለው ጭራሮን በእጃቸው አንድ ነገር ጠየቋት። ልጅቱ ወደ አባቷ አየች። እሱም በእነሱ ቋንቋ እየተረጎመ አስረዳት። ሌላ ጠየቋት፤ አሁንም ወደ አባቷ። በሦስተኛው መምህርቷ ቀና አሉ።

"አባቷ፣ ካላስቸገርኩዎ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያስገቡልኝ።"

"ምን?"

"እጅዎ እየታየ እኔን አታየኝም።"

"እኔ እኮ እያገዝኩዎ ነው!"

"አውቃለሁ። ኪስዎ ውስጥ።"

ምን ሲደረግ! ብረት እንደ ሰም የሚያቀልጥ ሰው፣ እንዳጠፋ ተማሪ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ። ጭራሮ ዞር ብላ እጆቹን ፈለገች፤ አጣቻቸው። ለእሷ አባቷ ዝም አላት ማለት ነው፤ በሕይወቷ ደግሞ ዝም ብሏት አያውቅም። መምህርቷ አገጯን በቀስታ ይዘው ወደ ራሳቸው መለሷት። በያጁ ሳይሰናበታት ወጣ። በምን እጁ ይሰናበታት?

ከዚያ ወዲህ ብየዳ ቤቱ አልሞላ አለው። ጭንብሉን ከመሳቡ በፊት እጁ ተነሥቶ ለባዶው ጥግ "ዙሪ" ይላል፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ዙሪያውን ያያል፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ። ማታ ማታ ልጅቱ ቤት ናት፣ አጠገቡ ትተኛለች፤ ግን ናፈቀችው። አብራው እየኖረች ናፈቀችው።

ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆችንም ያስተምራል። እናትየዋ ሄደች። እሱ "ሥራ አለብኝ" አለ። ሥራ እንዳለበትማ እውነት ነው፤ የቀረው ግን በቅናት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለራሱም አይናገርም። እኔ ከባዶ ተነሥቼ ያስተማርኳትን ሊያስረሷት ነው ብሎ ሆድ ብሶት ነበር።

እራት ላይ እናትና ልጅ እጃቸው ይፈጥናል። ሚስቱ በሳቅ ትፈርሳለች።

"ምን አለች?" ይላል በያጁ።

"ቆይ ትጨርስ።"

ጭራሮ ትጨርስና ሌላ ትጀምራለች። ወሬው ከልጅቱ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ ልጅቱ ይመላለሳል፤ እሱ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነው፣ እንደ እራቱ።

አንድ ማታ ጭራሮ አጠገቡ መጥታ ረጅም ነገር ታወራው ጀመር። አንዱንም አልተረዳም፤ ግን ራሱን ይነቀንቃል፣ በየመሀሉ ፈገግ ይላል። ድንገት አቆመች። አተኩራ አየችውና ገባት። ከዚያ እጆቿን ከፍ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ በድሮው ምልክት፦ አባዬ። ብላ። ተኛ። እሱ እንዲህ ያወራት የነበረው ገና ዳዴ ስትል ነው። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ሰምቶ ስቆ ያውቃል፤ ያን ማታ ግን አልሳቀም። ልጁ ብትስቅበት፣ ብትንቀው እንኳ ይሻለው ነበር። እሷ ግን አዘነችለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብየዳ ቤቱን ሳይከፍት እጁን በሳሙና ፈተገ። ሚስቱ ሸሚዝ ተኮሰችለት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ የሕፃን ነውና ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሚስቱ ከኋላው፣ ጭራሮ ከፊቱ ተቀመጡ።

የዕለቱ ትምህርት "ስምህ ማነው?" ብሎ መጠየቅ ነበር። መምህርቷ አሳዩት። እሳት ያደነደነው ጣቱ አልታዘዝ ብሎ ብዙ ታገለ፤ በመጨረሻ ወደ ልጁ ዞሮ የገዛ ልጁን ስሟን ጠየቃት።

ጭራሮ ኮራ ብላ መለሰች። ግራ እጇን እንደ መዝጊያ ከፊቷ አቆመች፤ የቀኟን ሁለት ጣት ከዓይኗ አንሥታ ወደዚያ ዘረጋች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ በያጁ።

"ስሟ ነዋ፣" አሉ መምህርቷ።

"የልጄን ስም እኔ ሳላውቀው?"

"ልጆቹ ናቸው እርስ በርስ የሚያወጡት። አንዱን በጠባሳው፣ አንዱን በጸጉሩ። እንዲያ ነው የሚጠራሩት።"

"እና የሷ ምን ማለት ነው?"

መምህርቷ ወደ እናትየዋ ተመለከቱ። እናትየዋ አቀረቀረች። እሷ ካወቀችው ቆይታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

"'በር የምታየው' ማለት ነው፣" አሉ መምህርቷ። "የገባች ሰሞን ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም ነበር። ማንን ትጠብቅ እንደነበር እኔ ልንገርዎ?"

በያጁም፦ "አሁንስ?"

"አሁንማ ምን ጊዜ አላት? ጨዋታ ነው። ስሙ ግን ቀረ።"

በያጁ ግራ እጁን አቆመ። ሁለት ጣቱን ከዓይኑ አነሣ። አንደኛው አልዘረጋ አለ። ጭራሮ ሳቅ ብላ ጣቱን ያዘችና አቃናችለት። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም አቃናችለት። ሲሳካለት ቅንድቧን አንሥታ እጇን በአጭሩ አወዛወዘች።

"'አቤት' አለችህ፣" አለች ሚስቱ ከኋላው፣ በቀስታ።

ሊነግራት የፈለገው የስንት ሳምንት ወሬ ነበረው። በልጁ ቋንቋ የሚያውቀው ግን ስሟን ብቻ ነው። መልሶ ጠራት።