ባለቺንጋው ይሻል ነበር

«እኔ ልንገራችሁ፤ ዘይኑን የገደለው ቱርቦው ነው!» አለ ፈንታሁን፣ የሻይ ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አድርጎ። «ቱርቦ ማለት አየር የሚውጥ ነገር ነው። የከባድ መኪና ፍሬን በምንድን ነው የሚሠራው? በአየር! ያ አውሬ አየሩን ውጦ ውጦ ሲጨርሰው ፍሬኑ በምን ይያዝ? እስቲ ንገሩኝ!»

«ወይ ጉድ!» አሉ ለቀስተኞቹ፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ።

በደሴው ሆጤ ሰፈር ውስጥ ቱርቦ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ከሦስት አይበልጥም። ግን ለቅሶ ቤት አይደል? ሰው ታሞ ሲሞት ሁሉም ሐኪም ይሆናል፤ በመኪና ሲሞት ደግሞ ሁሉም መካኒክ። ሹፌሩ ዘይኑልአቢዲን ሰኞ ጠዋት ባዶ ጆንያ ጭኖ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሞተ። በዚያው ዕለት ተቀበረ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ የሞቱ ምክንያት ከወዲሁ አምስት ዓይነት ሆኗል።

ሞላልኝ የድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለው፣ የሟቹ የሃያ ዓመት ጓደኛ ነው፤ ቱርቦውንም በገዛ እጁ የገጠመው እሱ ነው። ፈንታሁን ዘግይቶ አየውና ደነገጠ።

«ኧረ ሞላ፣ አንተን ማለቴ አይደለም! አንተማ የታዘዝከውን ነው የሠራኸው።»

የታዘዝከውን! ማን አዞት? መርጦ፣ ተከራክሮ፣ አሸንፎ የገጠመው ራሱ ነው። «የቱርቦው አየርና የፍሬኑ አየር በሕይወታቸው ተገናኝተው አያውቁም፣ አንተ ደንቆሮ» ሊለው አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ምክንያቱም አንድ ነገር እሱም አያውቅም። ቱርቦው ቁልቁለቱ ላይ ደርቆ ሞተሩን ቀጥ አድርጎት ቢሆንስ? ሞተር ከቆመ ለፍሬኑ አየር የሚሞላ የለም። ያን ጊዜ የፈንታሁን ምክንያት የሞኝ ቢሆንም ፍርዱ ልክ ይሆናል ማለት ነው።

መልሱ ያለው ጋቢናው ውስጥ ነው። አስከሬኑ የወጣው በመስተዋቱ በኩል ነው፤ የተጨራመተውን በር እስካሁን የከፈተው የለም። የመኪና ማንሻ ሰንሰለት ያለው ሞላልኝ ብቻ ስለነበር መኪናዋ ተጎትታ የቆመችው እሱው ጋራዥ ነው። ነገ ረቡዕ ከሰዓት የትራፊክ መርማሪ ይመጣል።

«ጥፋቱ ከሹፌሩ ከሆነ» አለ ፈንታሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእርዳታ እህል ስምሪት ላይ ያለ መኪና ነውና አሻጥር ነው የሚባለው። መኪናዋ ትወረሳለች፤ ሚስቱ ኡሙሰልማም ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ቀረች። ከመኪናው ከሆነ ደግሞ...» ሞላልኝን አየና ሻዩን አነሣ። ከመኪናው ከሆነ ጋራዡ ይታሸጋል፤ ባለጋራዡም ወዴት እንደሚገባ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለማንም አይነገርም።

ሞላልኝ ተነሥቶ ወጣ። ተመልሶ ተቀመጠ። ደግሞ ወጣ።

ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው፤ የዛሬ ሁለት ወር። የእርዳታው ስንዴ ከአሰብ መጥቶ ኮምቦልቻ ይራገፋል፤ ከዚያ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መግባት አለበት። የዘይኑ ፊያት ግን አርጅታለች፤ ጭነት ይዛ ዳገቱ ላይ ስትደርስ ታቃስታለች። አንድ ቀን ጭድ የጫነች አህያ ቀድማው ስትሄድ ባለአህያው ዞር ብሎ «ወንድም ሹፌር፣ ደሴ መልእክት ካለህ ላድርስልህ?» ብሎታል። ይህን እየሳቀ የሚያወራው ዘይኑ ራሱ ነበር። የስምሪት ኃላፊው «ጓድ፣ በወገን እህል እየቀለድክ ነው» ያለው ዕለት ግን ሳቁን ተወው።

ሞተሯ አየር የሚነፋላት ዕቃ ያስፈልጋታል ተባለ። ሞላልኝም ሁለት ዕቃ ፈልጎ አግኝቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረለት። አንደኛው ቱርቦ ነው፤ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ሞተሩ ተፍቶ በሚጥለው ጭስ የሚዞር። ሌላው የመካኒኮች መጽሐፍ ሱፐርቻርጀር የሚለው፣ ከአሮጌ የአሜሪካ ወታደር መኪና የተነቀለ ነው፤ ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ይዞራል።

«እኔ ባለቺንጋውን ነው የምፈልገው» አለ ዘይኑ። «እግሬን ሳሳርፍ ወዲያው ይታዘዛል። ያንተ ቱርቦ ጭሱ እስኪጠራቀምለት እኔ ሐረጎ ላይ ሸብቼ እገኛለሁ።»

«ቺንጋው ጉልበት የሚወስደው ከዚያው ከሞተሩ ነው፣ አንተ ሰው! ናፍጣ ይጨርስብሃል። ይኼኛው ግን የሚሠራው በሚጣል ጭስ ነው፤ በነጻ!»

ናፍጣ ሲባል ዘይኑ ዓይኑን ወደ ቱርቦው መለሰ። ናፍጣ በኩፖን ነው የሚሰፈረው፤ እሱም ለናፍጣ ያለው ስስት ለብቻው ነበር።

ምሳ ይዛላቸው የመጣችው ኡሙሰልማ ሁለቱን ብረቶች ስታገላብጥ ቆይታ «ባለቺንጋው ይሻላል» አለች። «ከምን ጋር እንደታሰረ እንኳ ይታያል። ጭስን ማን ያምናል?»

ሳቁባት። ይህቺ ሳቅ ናት አሁን ሞላልኝን የምትበላው።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ ሞላልኝ ያን ዕለት፣ ዘይኑ ቱርቦውን ከመረጠ በኋላ። «ፎሌ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ የለም።»

ፎሌ ምን እንደሆነ በዚያ መንገድ የማያውቅ የለም። ሹፌሩ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ነጻ ያደርግና ሞተሩን ያጠፋል፤ መኪናው በራሱ ክብደት ኮምቦልቻ ይደርሳል። ናፍጣው ይተርፋል። ሞላልኝ አንድ ጊዜ አብሮት ወርዷል። ሞተሩ ጸጥ ሲል ንፋሱ ብቻ ቀረ፤ ዘይኑ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ መንዙማ ያንጎራጉራል። «አሁን የምንሄደው በአላህ ቁልቁለት ነው፤ አላህ ደግሞ ኩፖን አይጠይቅም» ይለዋል። ሞላልኝ ሁለት እጁን ከፊቱ ባለው ዳሽቦርድ ላይ ተክሎ የሚያውቃቸውን መላእክት ሁሉ በስም ይጠራል።

«ትኩስ ሞተር ድንገት ከጠፋ ዘይቱ ይቆምና ቱርቦው ውስጡ ተቃጥሎ ይደርቃል» አለው። «ፍሬንህም አየር ያልቅበታል። ማልልኝ።»

«ወላሂ!» አለ ዘይኑ፣ እጁን ወደ ሚስቱ ዘርግቶ። «ኡሙ ምስክሬ ናት። ፎሌ ሐራም!»

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሰባት ሴቶች ከሐርቡ ወዲያ ካለ ገጠር መጡ፤ አቧራው እስከ ጉልበታቸው ወጥቶባቸዋል። በዕድሜ የገፉት አንዷ ድንኳኑ በር ላይ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጮኹ። «የወፍጯችን አባት! እንግዲህ ማን ይድረስልን!»

የምን ወፍጮ? ሰው ሁሉ ተያየ። ኡሙሰልማም እንደ ሌላው ሰው ደነገጠች።

ሴትዮዋ ውሃ ቀምሰው ነገሩን ተናገሩ። እርዳታው የሚሰፈርላቸው በፍሬው ነው። የመንደሩ ወፍጮ ናፍጣ አጥቶ ከቆመ ከራርሟል፤ በራብ በዛለ ክንድ ደግሞ ድንጋይ ላይ አይፈጭም፤ ስንዴውን ቀቅለው ለሕፃን ሲሰጡት ሕፃኑ ያስመልሰዋል። ዘይኑ ይህን አንድ ቀን ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሊትር ናፍጣ ይዞ ይመጣል። «የመንግሥት ነው እንዴ ስንለው ‹የአላህ ነው› ይለናል። ለማንም እንዳንናገር አስምሎናል፤ እንግዲህ ሞተና ተናገርን።»

ድንኳኑ አለቀሰ። ፈንታሁን ሳይቀር አለቀሰ። እውነቱን ለመናገር ዘይኑ ወሊይ አልነበረም፤ ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል፤ የተዋሰውን ዕቃ አይመልስም። ሞላልኝን አንድ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ ተውሶት ለሦስት ዓመት «ወላሂ መልሼልሃለሁ» እያለ አድርቆታል። ግን ለሰባት ሴቶች ወፍጮ አዙሯል።

ሞላልኝ ብቻ አላለቀሰም። በኩፖን የሚቀዳ ሹፌር በየሳምንቱ አሥር ሊትር ከየት ያመጣል? ልቡ መልሱን ሲያቀርብለት እሱ ይገፋዋል። ምሏል እኮ! ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብሎ ተነሥቶ እስከ ፒያሳ ሄዶ ምንም ሳይገዛ ተመለሰ።

ረቡዕ ሦስተኛው ቀን ነው። የጠዋቱ ዱዓ እንዳለቀ ኡሙሰልማ ወደ ጓዳ ጠራችው። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን ደህና ነው።

«አያ ሞላልኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትዋሸኝ።»

«ጠይቂኝ።»

«ባለቺንጋውን ብትገጥሙለት ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ሞላልኝ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ሰዎች ‹ፎሌ ወርዶ ይሆናል› ሲሉ ሰማሁ» አለች። «እኔ ፊት ምሏል። ዘይኑ በሌላው ይቀልዳል እንጂ እኔ ፊት በአላህ ምሎ አይከዳም። እሱን እሱን ማንም አይነካብኝ። የቀረው ያንተ ብረት ነው። ብረትህ ነው ወይ?»

«አላውቅም፣ ኡሙ። ወላሂ አላውቅም» አለ፤ ክርስቲያኑ ሰውዬ በሟቹ መሐላ። «ዛሬ ከሰዓት ጋቢናውን እከፍተዋለሁ። ያን ጊዜ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ስታውቅ ሳልጠይቅህ ንገረኝ። አብሽር፣ አልቀየምህም።»

አብሽር ያለችው እሷ ናት፤ ሐዘንተኛዋ።

በሊዮንቺኖ አውቶቡስ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ባዶ ጆንያዎቹ እሾህ ላይ ተሰቅለው አያቸው። ፊቱን አዞረ፤ በዚያኛው በኩልም ነበሩ።

ጋራዡ ደርሶ ኮቱን ሳያወልቅ በቀጥታ ቱርቦው ላይ ሄደ። ቱቦውን ፈታና ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ከደረቀ ገዳዩ እኔ ነኝ አለ። ክንፉን በአንድ ጣት ገፋ አደረገው።

ዞረ። ያለ አንዳች ኮሽታ ዞሮ፣ ዞሮ ቆመ።

«እፎይ! ተመስገን አምላኬ!» አለና ወዲያው በራሱ አፈረ። ጓደኛው ሞቶ እፎይ! ያም ሆኖ ሦስት ቀን ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደለት።

የጋቢናውን በር በብረት ፈልቅቆ ከፈተ። የሞተሩ ማጥፊያ እንደተሳበ ነው፤ ሞተሩን ዘይኑ በገዛ እጁ አጥፍቶታል። ማርሹ መሐል ላይ፣ ነጻ ሆኖ ቆሟል። ፎሌ።

«አንተ ሌባ» አለ ሞላልኝ። «አንተ ወላሂ ባይ ሌባ!» የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከወንበሩ ሥር የናፍጣ ጄሪካን አለ፤ ባዶ ነው፤ ነገ ሐሙስ ነበር። ከጄሪካኑ አጠገብ ደግሞ የእሱው አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ፣ በጨርቅ በክብር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ውሎ ሳያድር ልቅሶ ሆነበት፤ ድንኳን ውስጥ እምቢ ያለው ልቅሶ አሁን መሪው ላይ ደፍቶ አንሰቀሰቀው።

ውጭ የላንድሮቨር በር ተዘጋ።

«ጓድ ሞላልኝ!» አለ የመርማሪው ድምፅ ከግቢው በር። «አለህ? ብዙ አንቆይም፤ ማርሹንና ማጥፊያውን አይተን እንሄዳለን። ሰዉ ሁሉ ቱርቦ ቱርቦ ይላል። ከሹፌሩ ነው ከመኪናው?»

ዝም ብሎ መውረድ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እጁን አጣጥፎ ቢቆም መኪናዋ ራሷ ትመሰክርለት ነበር። «እኔ ፊት በአላህ ምሎ አይከዳም» ያለችው ሴትዮ ድምፅ ግን ጋቢናው ውስጥ ነበር። ለሷ የሚላትን አሁን አገኘው፤ ልክ ነበርሽ ኡሙ፣ ባለቺንጋው ይሻል ነበር።

ማጥፊያውን ወደ ውስጥ ገፋው። ፍሪሲዮኑን ረገጠና በዘይኑ መዳፍ የለሰለሰችውን የማርሽ ዘንግ ይዞ ሦስተኛ ላይ አስገባት።

«ከመኪናው ነው!» ብሎ ጮኸ። «ግቡ፣ ክፍት ነው።»

ጄሪካኑን ኮቱ ውስጥ ሸሸገ። መፍቻውን ግን እንደነበረው በጨርቁ ጠቅልሎ፣ ወንበሩ ሥር ወደ ቦታው መለሰና ከጋቢናው ወረደ።