የጻፋችሁትን ብቻ አደርጋለሁ

ሃያ ሁለት ዓመት አራተኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ልጅ መጻፍ የሚለምደው የጻፈውን የሚያደርግለት ሰው ሲያገኝ እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ስለዚህ አርብ አርብ ልጆቹ አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ይጽፋሉ፤ እኔ የተጻፈውን ብቻ አደርጋለሁ። አንዱ «እጅሽን ታጠቢ» ብሎ ቧንቧ መክፈቱን ከዘለለ፣ ደረቅ እጄን ሳሽ እቆማለሁ። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል፤ ጸሐፊው ሮጦ ደብተሩን ያስተካክላል።

ዳይሬክተራችን ይህን ጨዋታ ይሉታል። አንድ አርብ ጠዋት ቢሮ ጠርተውኝ «ከሰኞ ጀምሮ ይህ ሰዓት ለሒሳብ ይሆናል» አሉ። «ዛሬ መጥቼ አየዋለሁ። ካላሳመነኝ አበቃ።» እኔም ቱግ ማለት አይቸግረኝም፤ «ይምጡ!» ብዬ ወጣሁ።

የጨነቀኝ ለራሴ አልነበረም። ልጆቹ ሹክሹክታ የሚሏት ተማሪ አለችኝ፤ ድምጿ ከከንፈሯ አያልፍም። ከሳምንት እስከ ሳምንት የሚሰማት ሰው የምታገኘው በዚህች ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቷን መንጠቅ አፏን መንጠቅ ነበር።

ዳይሬክተሩ መጡ፤ በሩ እምቢ አለ። የመዝጊያው ብረት ስለተጣመመ ጠዋት ጠዋት የሚከፍትልን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው።

«ክፈቱ እንጂ!» አሉ ከውጭ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አንከፍትም» አልኳቸው። «ልጆቹ ጽፈው ይሰጡዎታል፤ የተጻፈውን ብቻ ያድርጉ።»

ጠበቃው የምንለው ለፍላፊ ተማሪ ቀድሞ ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾለከ፦ «በኃይል ይግፉ።» ገፉ። ትከሻቸውን አመማቸው እንጂ በሩ ንቅንቅ አላለም። ጠበቃው በሩ ላይ ተለጥፎ ሊያስረዳ ሲጀምር «በአፍ የለም!» ብዬ መለስኩት።

ሹክሹክታ ዘበኛው ሲከፍት አጠገቡ ቆማ ስታይ ከርማለች። ጻፈች፦ «እጀታውን ወደ ላይ ያንሱ። በሩን ከታች በእግርዎ ይግፉ።» ወረቀቱን አሾልካ ወንበር ላይ ወጣችና በመስኮት ተመለከተች። ዳይሬክተሩ እጀታውን አነሱ፣ ለቀቁት፣ ከዚያ ገፉ። ምንም የለም።

«አሁንስ በዛ!» አሉ፤ ሊሄዱ ዞሩ።

ሹክሹክታ ግን ከወንበሩ ወርዳ ሌላ ወረቀት ቀደደች፦ «እጀታውን ወደ ላይ ያንሱ። አይልቀቁት። እንደያዙት በሩን ከታች በእግርዎ ይግፉ።» ወረቀቱ ጫማቸው አጠገብ ደረሰ። ቆሙ። አነበቡ።

በሩ ጓ ብሎ ተከፈተ፤ ዳይሬክተሩ ተንደርድረው ጥቁር ሰሌዳው ጋ ደረሱ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ኮታቸውን አራግፈው ወረቀቱን ደግመው አነበቡ። «ይህን በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ» አሉ።

ሹክሹክታ እጇን ዘረጋች። የምትለውን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረባቸው።

«አላለቀም» አለቻቸው።

«ደግሞ ምን ቀረው?»

«ለአንደኛ ክፍሎች አልጻፍኩም። እነሱ ጠመኔ ሊወስዱ ሲመጡ እጀታው ላይ አይደርሱም።»

ዳይሬክተሩ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«መቼ ይደርሳል ታዲያ?» አሏት።

«የሚመጣው አርብ። በዚህ ሰዓት።»

«በይ እሺ፣ እመጣለሁ» አሉና ወረቀቷን በሁለት እጃቸው መለሱላት።