ወንዙ ዳር የተቆረጠው የመሬት ሽቦ

ሲቲ ሽቦውን የቆረጠችው በጠራራ ፀሐይ፣ አራት ወንዶች እያዩዋት ነው።

ጊዜው የ2014 ጥቅምት ነበር። ጦርነቱ ወሎ ውስጥ ግራና ከተማ ከገባና መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ወሩ፤ ጤና ጣቢያውም ተዘርፎ ኦና ሆኗል። ልጇን ናጅዋን ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን አልፏታል። አንዲት አዋላጅ ከወንዙ ማዶ ተሸሽጋለች ሲባል ሰምተው ሲቲና አራቱ ወንዶች በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ያረጀው የቃሬዛው ጠፍር ብጥስ አለና ናጅዋ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈች። ሌላ ገመድ የለም። ሲቲ ዞር ስትል የመስኖውን ፓምፕ አየች፤ ከሞተሩ ወርዶ መሬት የሚገባ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነበረው።

«የመብራት ነው እኮ፣ እትዬ ሲቲ» አለ ገበየሁ። የፓምፑ ጠባቂ እሱ ነው፤ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዘውም እሱ።

«መብራቱ የት አለና!»

ገበየሁ የናጅዋን ፊት አየና ገጀራውን አቀበላት። «ይቁረጡት። ሰላም ሲሆን መልሰን እናስረዋለን።»

ሽቦውን ድንጋይ ላይ አስደግፋ በገጀራው ቆረጠችው፤ ቃሬዛውን አስረውበት ወንዙን ተሻገሩ። ማታውን ናጅዋ ወንድ ልጅ ተገላገለች።

የካቲት ላይ መብራት ሲመጣ አገሩ በእልልታ ቀለጠ። ሽንኩርቱ በውሃ ጥም ጠውልጎ ነበርና ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ሮጠ። ሲቲ ሽቦው ትዝ ሳይላት አልቀረም። ነገር ግን ሞተሩ ያለ እሱም ተነሣ፤ ውሃው በቦዩ ሲወርድ አይታ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ገበየሁ ውሃ ውስጥ ቆሞ የቱቦውን አፍ ከደለል ሲጠርግ ዋለ። ሊወጣ ሲል ሞተሩን ተደገፈ። እጁ ከብረቱ አልላቀቅ አለ። አጠገቡ የነበሩት መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏቸው ነበር። ማብሪያው ጋ ሮጠው ሲያጠፉት ሕይወቱ አልፏል።

የመርሳ ከተማው ኤሌክትሪሲያን ይርጋ መጥቶ ሞተሩን ፈታታው። «ስድስት ወር ሲቆም እርጥበት ገብቶበታል። ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ አፈትልኳል። የመሬት ሽቦው ቢኖር ወደ መሬት ወስዶ ብሬከሩን አስጥሎ ኤሌክትሪኩን ባቋረጠው ነበር። ያለ እሱ ሞተሩ ይሠራል፤ ሰውን የሚጠብቀው ግን የለም።» ቀና አለ። «ማን ቆረጠው?»

«ወታደሮች ናቸዋ» አለ አንዱ።

ቃሬዛውን ከተሸከሙት ሁለቱ እዚያው ቆመው ነበር። አጠገባቸው ወደ ቆመችው ሲቲ ዞር አላሉም። እሷም አልተናገረች።

ዝምታው እህል ከለከላት። በሳምንቱ የልጅ ልጇን አዝላ ወደ ገበየሁ ሚስት ወደ የሺ ሄደች።

«የሺዬ፣ ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች የሺ። «ያን ዕለት ማታ ነግሮኛል። መብራት የመጣ ቀን ‹ሽቦውስ?› ስለው፣ ‹ሽንኩርቱ እያረረ ነው፤ ይርጋ ሲመጣ ያስረዋል› አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።»

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።»

«ምን ልበልዎት? ልጅዎ ልትሞት ነበር። እኔም ብሆን እቆርጠው ነበር።» ይህን ስትል ሕፃኑ ሲቲ ጀርባ ላይ ተነጫነጨ። የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እሱን ግን ይዘውብኝ አይምጡ። ስንት ጊዜ ራሴን ገሠጽኩት፤ ማየት አልቻልኩም።»

ሲቲ ሕፃኑን እሹሩሩ እያለች ወጣች።

ይርጋ አዲስ የመሬት ሽቦ ቀበረ፣ ብሬከሩንም ለወጠ፤ አብርቶ አጥፍቶ፣ ብረቱን በእጁ ነክቶ አሳያቸው። ያም ሆኖ ወደ ሞተሩ የሚጠጋ ጠፋ። የዚያ ዓመት ሽንኩርት ግማሹ ደርቆ ቀረ።

ሚያዝያ ላይ የሺ ሐራ ከተማ ወዳሉት ወንድሞቿ ልትሄድ ነው ተባለ። ሲቲ ሕፃኑን ለናጅዋ ትታ ልትሰናበታት ብቻዋን መጣች። በሩ ተዘግቷል።

«ማለዳ ሄደች» አለቻት ጎረቤቷ።

«ለእኔ ያለችው ነገር የለም?»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና «የለም» አለቻት።