ላማይን በማን ስም እንፈልጋት?

ኡራይ በታይላንዷ ላምፓንግ ከተማ ባለው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍቱን መዝገብ፣ ካታሎጉን፣ ታዘጋጃለች። ዓለም የተስማማበትን የአመዘጋገብ ደንብ ከልቧ ትወደዋለች፤ ያለ እሱ የላምፓንግ መጽሐፍ ከላምፓንግ አይወጣም ባይ ናት።

አንድ ጠዋት ሳንጊያም የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ሚስታቸው ላማይ ሲሞቱ እንደ አገሩ ልማድ ለለቀስተኛው የታደለውን የመታሰቢያ መጽሐፍ ጎርፍ ወስዶባቸዋል። አንዱን ቅጂ ግን ያኔ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥተው ነበር።

«በማን ስም ልፈልግልዎት፣ አባባ?»

«በላማይ ነዋ! በማን ሊሆን ነው?»

«የቤተሰብ ስማቸውስ?» ከውጭ የተገዛው ፕሮግራም የቤተሰብ ስም ካላስቀደሙለት አይሰማም።

ሽማግሌው ሳቁ። «በእሱ የሚጠራት ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነበር። አንቺ ላማይ በያት፣ ገበያው ሁሉ ያውቃታል።»

ላማይ ብላ ጻፈች፤ የለም። በቤተሰብ ስማቸው ሞከረች፤ የለም። በላቲን ፊደል ደግሞ አጻጻፉን እየለዋወጠች ፈለገች፤ አሁንም የለም።

«እንግዲህ ይኼ ኮምፒውተር አያውቃትም» አሉ ሳንጊያም፣ ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፍቶ።

ከሸኘቻቸው በኋላ ኡራይ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ታስስ ጀመር። መጽሐፉን ያገኘችው ከሃይማኖት መጻሕፍት መሀል ነው። ሽፋኑ ላይ ላማይ ዳክዬ ታቅፈው ይስቃሉ፤ ውስጡ መጀመሪያ የሕይወት ታሪካቸው፣ ቀጥሎ የአንድ መነኩሴ ስብከት አለ። ካታሎጉ የሚያውቀው ግን መነኩሴውን ብቻ ነው። ደንቡ አጥብቆ የሚጠይቀው ማን እንደ ጻፈው ነው፤ ለማን እንደ ተሠራ አያስጨንቀውም።

መጽሐፉን ይዛ አለቃዋ ፓቻሪ ዘንድ ገባች።

«ሁላችንም እንደየልባችን ከመዘገብን ሌላው አገር እንዴት ያገኘናል?» አለች ፓቻሪ።

«ጎረቤታችን ካላገኘንስ፣ እቴ?»

ፓቻሪ ሽፋኑን ብዙ አየችው። «እንዲህ ያለ ስንት አለን?»

«አንድ ክፍል ሙሉ።»

«ወይ ጣጣ! በይ፣ መነኩሴው ከቦታው አይነሳ። ሴትዮዋን ከሥሩ ጨምሪያት፤ በታይ ፊደል፣ የራሷን ስም አስቀድመሽ። ሌሎቹንም ጊዜ ስታገኚ ቀስ እያልሽ።»

ሳንጊያም ተጠርተው ሲመጡ ስብከቱን ዘለሉና የሚስታቸውን ታሪክ እየጎተቱ አነበቡ። ድንገት ጮክ ብለው ሳቁ፤ አንባቢው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«‹ትዕግሥተኛ ነበረች› ይላል! ላማይ? ይኼ የእህቷ ሥራ ነው፤ የጻፈችው እሷ ናት።»

ኡራይ ደነገጠች። መጽሐፉ ላይ የጸሐፊ ስም አልነበረም። «እህትየው ማን ይባላሉ?»

«ቡዋ ነው የምንላት።»

«የመዝገብ ስማቸውስ?»

ሽማግሌው አሰቡ፤ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አርባ ዓመት ሙሉ ቡዋ ብያት ኖርኩ። አላውቀውም፣ ልጄ።»

ኡራይ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰችና በታይ ፊደል «ቡዋ፣ የላማይ እህት» ብላ ጻፈች። ደንቡ ይፍቀድ አይፍቀድ አላወቀችም። ነገ ፓቻሪን ትጠይቃታለች።